ድመቷም ሳትጎዳ፣ መኪናውም ሳይጫጫር፣ ጉርብትናውም ሳይሻክር

በደጋማ ከተሞች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ በእነዚህ ወራት ጎሕ ሲቀድ ሣሩም የቤቱ ቆርቆሮም ውርጭ ለብሶ መታየቱ የተለመደ ነው። ውሎውን ሲሠራ ቆይቶ ማምሻውን ወደ ግቢ የሚገባ ተሽከርካሪ ለባለቤቱ መተዳደሪያ ነው፤ ለጎረቤት ድመት ደግሞ የሞቀ ምድጃ። ባለንብረቱ ጠዋት ሲወጣ በኮፈኑና በፊት መስታወቱ ላይ የጭቃ ዱካ፣ በባጃጁ ወንበር ላይ ጠጉርና የጥፍር ጭረት ያገኛል።

ነገሩን በሩቅ ለሰማው ትንሽ ይመስላል። በብድር ባጃጅ ገዝቶ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ወጣት ግን የተቀደደ ወንበር ወጪ ነው፤ ተሳፋሪም በተቦጨቀ ወንበር ላይ መቀመጥ አይወድም። በሌላ በኩል ለጎረቤቱ ድመቷ ጤፉንና በቆሎውን ከአይጥ የምትጠብቅ፣ ልጆች አብረዋት የሚያድጉ የቤት አባል ናት። በእነዚህ ሁለት እውነቶች መካከል መነጋገር ሲጠፋ አንዱ ተናዶ መርዝ የነካው ሥጋ ከአጥር ሥር ይጥላል። በአንድ ሌሊት ውሳኔ እንስሳዋ ተሠቃይታ ትሞታለች፣ የሰፈር ሕፃን ለአደጋ ይጋለጣል፣ የዓመታት ጉርብትናም ይቋረጣል።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ችግሩን ማስቆም ይቻላል። ለዚህም መጀመሪያ ድመቷ ለምን መኪናው ላይ እንደምትወጣ መረዳት ያስፈልጋል።

ድመት መኪናን ለምን ትመርጣለች?

የመጀመሪያው ምክንያት ሙቀት ነው። የድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ሰውነቷ ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጣ ተመችቷት የምታርፈው በአካባቢዋ ያለው ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ነው። ይህም ሰው ‹‹ሞቋል›› ከሚለው እጅግ የላቀ ነው። ሌሊቱ ወደ ዜሮ በሚጠጋበት ደጋ፣ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ የሞተር ክዳን ለድመት ከማንኛውም መኝታ ይበልጣል። በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት የምትተኛ እንስሳ በመሆኗ የመኝታዋ ቦታ ነገር ለእርሷ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በቆላማ ከተሞች ነገሩ ይገለበጣል። በመተማም ሆነ በከሚሴ ቀትር ላይ ድመት የምትፈልገው ጥላ ነው። ስለዚህም ከመኪናው ላይ ይልቅ ከሥሩ፣ በጎማዎቹ መካከል ትጋደማለች። እዚያ ሥጋቱ ከቀለሙ ይልቅ ድመቷ በጎማ መረገጧ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ድመት አዳኝ እንስሳ ናት፤ በአንጻሩ ውሻን ትፈራለች። ከፍ ያለ ቦታ ግቢውን ሁሉ ለማየት፣ ከውሻም ለመራቅ ይጠቅማታል። ግቢው ውስጥ ግንብ፣ ዛፍ ወይም ሌላ ከፍታ ከሌለ የመኪናው ጣሪያ ያንን ቦታ ይይዛል።

ሦስተኛው ሽታ ነው። እህል፣ ዓሣ፣ ሥጋ ወይም ቅቤ ያመላለሰ ተሽከርካሪ ሽታው ለቀናት አይለቀውም። በወንበር ሥር የተረሳ የዳቦ ፍርፋሪም አይጥ ይጠራል፤ አይጧ ደግሞ ድመቷን ትጠራለች። በድመት መዳፍና ጉንጭ ላይም ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። አንድ ጊዜ የተኛችበትንና የታከከችበትን ቦታ በዚሁ ሽታ ‹‹የእኔ›› ብላ ታውቀዋለች፤ በማግስቱም ትመለስበታለች። ‹‹ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ›› የሚለው የአበው ብሂል ለዚህም ይሠራል፤ ልማዱ ሳይጠነክር በመጀመሪያዎቹ ቀናት መከላከል ከወራት በኋላ ከመታገል ይቀላል።

ጥፋተኛዋ እርሷ መሆኗን ማረጋገጥ

ጎረቤትን ከመውቀስ በፊት ዱካውን ማየት ተገቢ ነው። የድመት ዱካ ክብ፣ አራት ጣት ያለው ሲሆን ስትራመድ ጥፍሯን ወደ ውስጥ ስለምትሰበስብ የጥፍር ምልክት አይታይበትም። የውሻ ዱካ ግን ከጣቶቹ ፊት የጥፍር ነጥብ አለው። በሞተሩ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቆርጥሞ፣ ጥቃቅን ጥቁር ፍግ ተበትኖ ከተገኘ ሥራው የአይጥ ነው። በዚህ ጊዜ የጎረቤት ድመት ከሳሽ ብትሆን እንጂ ተከሳሽ ልትሆን አይገባም።

የጉዳቱንም መጠን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። የመኪና ቀለም ሲቀባ ከላይ መስታወት መሰል ግልጽ ሽፋን ይደረግበታል። ድመት በዝግታ ስትራመድ ይህንን ሽፋን አትጭርም። ጭረት የሚፈጠረው በአብዛኛው ለመውጣት ስትዘል፣ ስትንሸራተት ወይም ደንግጣ ስትወርድ ጥፍሯን ስታወጣ ነው። ድመቷን በጩኸትና በድንጋይ ማባረር መኪናውን ይበልጥ የሚያስጭረውም ለዚህ ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አሽከርካሪው ጠዋት ዱካውን አይቶ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርገው በእግሯ የመጣው አቧራና አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ቀለሙን ይፍቀዋል። ‹‹ድመት ጫረችው›› ከሚባለው ጥቃቅን ክብ ጭረት ብዙው የጨርቁ ሥራ ነው። ዱካውን መጀመሪያ በውኃ አለስልሶና አጥቦ፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይሻላል። ጭረቱ ላይ የእጅን ጥፍር ቀስ አድርጎ ማስኬድ ጥልቀቱን ይነግራል፤ ጥፍር ካልያዘው በግልጽ ሽፋኑ ላይ ብቻ ያለ በመሆኑ በማለስለሻ ሊጠፋ ይችላል። ጥፍር ከያዘው ግን የቀለም ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

ቀዳሚው መርዝ ነው። በገበያ ከሚገኙት የአይጥ መርዞች አንዱ የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። እንደ ማላታይን ያሉ የሰብል ፀረ ተባዮችም የነርቭ ሥርዓትን ያውካሉ። ሁለቱም የድመትን ሆድ ከውሻ፣ ከዶሮና ከሕፃን ልጅ ሆድ አይለዩም። በመርዝ የሞተን እንስሳ የሚበላ ጥንብ አንሣም ሊመረዝ ይችላል። ለእህል ጥበቃ የተገዛ ኬሚካል ለጎረቤት ቂም ሲውል ከግቢው ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

ሁለተኛው በቸርነት የሚመስሉ፣ ነገር ግን እንደ መርዝ የሚሠሩ ማባረሪያዎች ናቸው። የድመት ጉበት የሰው ጉበት በቀላሉ የሚያስወግዳቸውን አንዳንድ ኬሚካሎች ለማስወገድ የሚያስችለው ኃይል አነስተኛ ነው። በዚህም ምክንያት ለሰው ቁስል ማጠቢያ የሚውለው ዲቶልና ጠንካራ የዕፅዋት ዘይቶች ለድመት አደገኛ ናቸው። ለልብስ ብል የሚቀመጠው ናፍታሌንም እንዲሁ ነው። ድመት የነካትን ሁሉ በምላሷ ስለምታጸዳ፣ በጠጉሯ ላይ የተረጨ ጋዝ ወይም ናፍጣ ወደ ሆዷና ወደ ሳንባዋ ይገባል። በርበሬና ሚጥሚጣ መበተንም ዓይኗንና አፍንጫዋን ያቃጥላል፤ መዳፏን ስትልስም ሥቃዩ ይከተላታል። የቡና አተላን መበተንም አይመከርም፤ በውስጡ የሚቀረው ካፌይን ቢበላ ድመትንም ውሻንም ይጎዳል። በረኪና ደግሞ አንዳንድ ድመቶችን ከማራቅ ይልቅ ይስባል፤ በዚያም ላይ ቀለሙን ያበላሻል።

ሦስተኛው ድመቷን በጆንያ አስሮ ሩቅ ወስዶ መጣል ነው። ድመት ወደ ለመደችው ቤት የመመለስ ጠንካራ ዝንባሌ አላት። በምትመለስበት መንገድ ላይ በመኪና ትገጫለች፣ በውሻ ትነከሳለች ወይም በማታውቀው ሰፈር ትራባለች። የወለደች ከሆነች ደግሞ ግልገሎቿ በረኃብ ያልቃሉ።

አራተኛው ሳይታሰብ የሚፈጸም ነው። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ኩላንት በአብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህሉ አንዲትን ድመት ኩላሊቷን አጥፍቶ ለመግደል ይበቃል። ከመኪና ሥር የሚንጠባጠብ ኩላንት ካለ ፍሳሹን ማስጠገን፣ የፈሰሰውንም በአሸዋ ወይም በአፈር አስመጥጦ ማንሣትና በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ ጥንቃቄ ለልጆችም የሚጠቅም ነው።

ደረጃ በደረጃ የሚሠራ መከላከያ

የመጀመሪያው እርምጃ ማጽዳት ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲታጠብ ድመቷ የተወችው ሽታ ይለቃል፤ ሌላ መከላከያ ሁሉ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ውጤታማ ይሆናል። በውስጥ በኩል የምግብ ፍርፋሪን መጥረግ፣ እህል የተጫነበትን ክፍል ማራገፍና ማናፈስ አይጥን ያርቃል። የተሽከርካሪው መስኮትም ሌሊት ክፍት መተው የለበትም።

ሁለተኛው ሽፋን ማልበስ ነው። የመኪና ልብስ ከሁሉም አስተማማኙ መፍትሔ ነው፤ ድመቷ ብትወጣበት እንኳ ጥፍሯ ቀለሙን አያገኘውም። ሁለት ነገር ግን መታወስ አለበት። አንደኛ፣ ልብሱ በአቧራማ መኪና ላይ ከተደረገ ነፋስ ሲያወዛውዘው ራሱ ይጭራል፤ ስለዚህ ንጹሕ መኪና ላይ ይልበስ፣ ከሥር በገመድም ይታሰር። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ገና እንደጋለ ማልበስ ሙቀቱን ያቆያል፣ ድመቷንም ይጋብዛል፤ ጥቂት እንዲበርድ መጠበቅ ይሻላል። ሙሉ የመኪና ልብስ ለመግዛት አቅም ለማይፈቅድለት፣ ድመቷ የምታዘወትረውን ኮፈን ብቻ የሚሸፍን ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ሸራም ይረዳል። ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል ወንበር ማታ ማታ የሚለብስ የሸራ ከረጢት ማሰፋት ከወንበር ማስቀየር ይረክሳል።

ሦስተኛው አረማመዷን ማስጠላት ነው። ድመት ከእግሯ ሥር የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚያዳልጥ ነገር አትወድም። በኮፈኑ ላይ በለበሰው ሸራ አናት ላይ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ወይም የሚንኮሻኮሽ ላስቲክ ዘርግቶ ዳር ዳሩን ማሰር ብዙ ድመቶችን ያስመልሳል። ጥቂት ሌሊቶች ሳይመቻት ካለፉ ሌላ መኝታ ትፈልጋለች። እሾህ፣ ሚስማር ወይም የሚያጣብቅ ሙጫ ግን የመከላከያ ሳይሆን የጭካኔ ሥራ ነው።

አራተኛው ሽታ ነው። ድመት የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ሽታ አትወድም። ልጣጩን በመኪናው ዙሪያ መሬት ላይ፣ በተለይም ለመዝለል በምትነሣበት ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ሲደርቅ ሽታው ስለሚጠፋ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መቀየር አለበት። የሎሚ ጭማቂን በቀለም ላይ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ አሲድ ስለሆነ ሽፋኑን ይጎዳል። በማቆሚያው ዳር የጥብስ ቅጠል ወይም ጤና አዳም መትከልም የሚረዳበት ጊዜ አለ። የጤና አዳም ፈሳሽ የሰውን ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ስለሚችል ሲቆረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሽታ ብቻውን የሚፈታው ችግር ጥቂት ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ግን ያግዛል።

አምስተኛው የማቆሚያውን ቦታ ማየት ነው። መኪናው ከአጥር፣ ከግንብ ወይም ከዛፍ ጥግ ከቆመ ድመቷ ከላይ ወደ ጣሪያው ትወርዳለች። አንድ ወይም ሁለት ሜትር ማራቅ መንገዷን ይዘጋል። በር ያለው መጠለያ ካለ ማታ ከመዘጋቱ በፊት ድመት ውስጥ አለመቅረቷን ማረጋገጥ ያሻል።

ድመቷ ስትወጣ ንጹሕ ውኃ በቀስታ መርጨት እንስሳዋን ሳይጎዳ ያባርራታል። ይሁን እንጂ ሰው እየጠበቀ ሲረጭ ድመቷ የምትማረው ሰውየውን መፍራት እንጂ መኪናውን መተው አይደለም፤ ሰው ሲተኛ ትመለሳለች። በውርጭ ሌሊትም ድመትን ማርጠብ ለብርድ ማጋለጥ ስለሆነ መተው አለበት። ሰው የማይሰማው ስለታም ድምፅ የሚያወጡ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችም አሉ፤ ውጤታቸው ግን ከድመት ድመት ይለያያል።

የተሻለ መኝታ መስጠት

‹‹እዚህ አትተኚ›› የተባለች ድመት ‹‹የትስ ልተኛ?›› ብትል መልስ ሊኖር ይገባል። ከሁሉም መከላከያ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚገባው ይህ ነው። ከነፋስ የተጠለለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ድመቷ ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ ያለው ካርቶን ወይም የእንጨት ሣጥን ይበቃል። ውስጡ ደረቅ ጭድ ቢነጠፍበት ጨርቅ ከሚነጠፍበት ይሻላል፤ ጭድ እርጥበት አይዝም፣ ሙቀቷንም ያቆይላታል። ሣጥኑን በባለቤቷ ግቢ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ድመቷ ወደ ጎረቤት የምትሄድበትን ዋና ምክንያት ያስወግዳል።

ሞተር ከመነሣቱ በፊት

በብርድ ሌሊት ድመቶች፣ በተለይም ግልገሎች፣ ከኮፈን ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥር ገብተው ሞተሩ አጠገብ ይተኛሉ። ቁልፍ ሲዞር ቺንጋውና ማራገቢያው ይሽከረከራሉ፤ ውጤቱ ለእንስሳዋ ሞት፣ ለባለ መኪናው ደግሞ የተበጠሰ ቺንጋና የማይረሳ ዕይታ ነው። ይህንን ለማስቀረት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ኮፈኑን በእጅ ሁለት ሦስት ጊዜ መምታት፣ በርን ጮክ አድርጎ መዝጋት፣ አጭር ክላክስ ማሰማትና ጥቂት መጠበቅ ነው። ከጎማዎቹ መካከልና ከመኪናው ሥርም ጎንበስ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ግልገሎች ሲደነግጡ ከመሸሽ ይልቅ ፀጥ ብለው ሊደበቁ ስለሚችሉ፣ በሰፈሩ የወለደች ድመት መኖሯ ከታወቀ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ከጎረቤት ጋር መነጋገር

‹‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት›› የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳዩን በንዴት ሰዓት፣ በመንገድ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ማንሣት ባለ ድመቷን ወደ መከላከል ይገፋታል። በማለዳ ሰላምታ ወይም በቡና ሰዓት ‹‹እትዬ፣ ድመታችሁ ሌሊት ሌሊት መኪናዋ ላይ እየተኛች ነው፤ አንድ ቀን ሞተር ውስጥ ገብታ እንዳትጎዳብን ምን ብናደርግ ይሻላል?›› ብሎ መጀመር ግን ሁለቱንም በአንድ ወገን ያሰልፋል። ንግግሩ ከክስ ይልቅ ከእንስሳዋ ደኅንነት ሲነሣ ለመስማማት ቅርብ ይሆናል። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ጊዜም የግቢው ባለቤት ባለበት መነጋገር አለመግባባትን ይቀንሳል።

ሕጉንም ማወቅ አይከፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 አንድ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ስለዚህ ባለ ድመት የሆነ ሰው ‹‹እንስሳ ናት፣ ምን ላድርጋት?›› ብሎ ነገሩን ሊተወው አይገባም። ተበዳዩም በበኩሉ ሕግ መንገድ ስላበጀለት በገዛ እጁ ቅጣት ሊሰጥ አይገባውም። ይሁንና ለጥቂት ጭረት ፍርድ ቤት መመላለስ ከጭረቱ በላይ ያስወጣል። የወንበር ማሰፊያውን ወይም የሸራውን ዋጋ በጋራ መሸፈን፣ ካልተቻለም የሰፈር ሽማግሌ ማስገባት ለሁለቱም ይቀላል።

የባለ ድመቷ ድርሻ

ድመቷን ማታ ማታ በተወሰነ ሰዓት መመገብ ወደ ቤት የመግባት ልማድ ያስይዛታል። ከተመገበች በኋላ በቤት ወይም በመጋዘን ውስጥ እንድታድር ማድረግ መኪናንም የእርሷንም ሕይወት ይጠብቃል። ‹‹ከተመገበች አይጥ አትይዝም›› የሚለው አመለካከት ትክክል አይደለም፤ ድመት ሳትራብም ታድናለች፤ በቂ ምግብ ያገኘች ድመት እንዲያውም ጤናማና ንቁ ናት።

ሌላው መራባትን መቆጣጠር ነው። ድመት ከአራትና አምስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ወደ 63 ቀን ገደማ ነው። አንዲት ድመት በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መውለዷ በሰፈር ውስጥ ባለቤት አልባ ድመቶች የሚበዙበት ዋነኛ ምክንያት ነው። የእንስሳት ሐኪም አገልግሎቱን በሚሰጥበት ቦታ ማስመከን ይቻላል፤ የተኮላሸ ወንድ ድመት መዞሩን፣ መጣላቱንና በየቦታው ሽንቱን መርጨቱን ይቀንሳል።

ጤናን በተመለከተ

የእብድ ውሻ በሽታ በአብዛኛው በውሻ ቢተላለፍም ድመትም ታስተላልፈዋለች። ድመትን ከሦስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ማስከተብ ይቻላል። ከመኪና ላይ ለማንሣት ሲሞከር የነከሰች ወይም የቧጨረች ድመት ብትኖር፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ሕይወት ያድናል። የነከሰችውን ድመት መግደልም ትክክል አይደለም፤ በሕይወት ተይዛ ለ10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ክትትል ሥር ብትቆይ ለሕክምናው ውሳኔ ጠቃሚ መረጃ ትሰጣለች። የማታውቀውን ድመት በባዶ እጅ ከመያዝ ይልቅ መውጫ መንገድ ትቶላት ራሷ እንድትሄድ ማድረግ ይመረጣል።

የድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ተሕዋስያኑ ወደ ሰው ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅባቸው በየቀኑ ማጽዳት አደጋውን ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር እናቶች ግን ጽዳቱን ለሌላ ሰው መተው ይኖርባቸዋል፤ ያጸዳውም ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት።

በገጠር ግቢ

በገጠር ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ትራክተር፣ መውቂያ ማሽን ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር በጎተራ አጠገብ ሲቆም አይጥ በውስጡ ጎጆ ትሠራለች፣ ሽቦና የነዳጅ ጎማ ትቆርጣለች። ድመቷ ወደ ማሽኑ የምትሄደው ይህችን አይጥ ፍለጋ ነው። እርሷን ማባረር ችግሩን ይብስ ያደርገዋል። መፍትሔው ማሽኑን ከጎተራው ማራቅ፣ ገለባና ፍርፋሪ እህልን ከሥሩ ማጽዳት፣ ወንበሩን በሸራ መሸፈንና ከማስነሣት በፊት ውስጡን ማየት ነው። ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በእግሮቹ ላይ የቆርቆሮ ቆብ ማድረግም አይጧን ከሥር ይከለክላታል።

ሰውና ድመት የተገናኙት በእህል ምክንያት ነው። ተመራማሪዎች በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር አብራ የተቀበረች የ9 ሺህ 500 ዓመት ዕድሜ ያላት ድመት አግኝተዋል። የጥንት ገበሬዎች እህል ማከማቸት ሲጀምሩ አይጥ ተከተለ፤ የአፍሪካ ዱር ድመትም አይጡን ተከትላ ወደ ሰው መንደር ገባች። ያ ውለታ ዛሬም በየጎተራው አለ። በሰፈሩ ያሉ ድመቶች በመርዝ ካለቁ የሚበዛው አይጥ ነው፤ አይጥ ደግሞ በመኪናው ላይ ተኝቶ አያድርም፤ ሽቦውን ይቆርጣል፣ እህሉን ይጨርሳል።

የመኪና ማጠቢያ ውኃ፣ አንድ ሸራ፣ ጭድ የተነጠፈበት ሣጥንና ከጎረቤት ጋር የአንድ ስኒ ቡና ጨዋታ፤ ለዚህ ችግር የሚያስፈልገው በአመዛኙ ይኸው ነው። ከዛሬ ማታ ለመጀመር ለፈለገ ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መኪናውን ማጠብ፣ ሲበርድ ማልበስ፣ ለጎረቤት መንገር፣ ጠዋትም ቁልፍ ከማዞር በፊት ኮፈኑን መምታት።